የንጉሥ ነጎድጓድ ልክ

ሊቁ፦ አሥር ክንድ አልኩህ፣ አሥር ክንድ!

መርፌ፦ ጋሼ፣ ጣሪያው እኮ ስድስት ክንድ ነው።

ሊቁ፦ ታዲያ ንጉሡ ምን ያድርግ? ያጠረው ጣሪያው ነው እንጂ ንጉሡ አልረዘመም!

መርፌ፦ እሺ። ራሱስ የት ይገባል?

ሊቁ፦ የማን ራስ?

መርፌ፦ የንጉሡ። ከላይ የጸሐፊዋ ቢሮ ነው። ጣሪያውን ብንሸነቁረው ራሱ ብቅ የሚለው በጠረጴዛዋ ሥር ነው።

ሊቁ፦ ይበል! ንጉሥ ብቅ ሲል መደንገጥ ያለ ነው።

መርፌ፦ ቀሚስ ነው የምትለብሰው፣ ጋሼ።

ሊቁ፦ (ጣሪያውን አየ፣ መርፌን አየ፣ እንደገና ጣሪያውን አየ) በቃ ስድስት አድርገው። ግን ስድስት ነው ብለህ ለማንም እንዳትተነፍስ።

(ነገሩ እንዲህ ነው። ቦታው አንድ ትንሽ ቤተ መዘክር ነው። ምድር ቤቱ ላይ «የንጉሥ ነጎድጓድ ክፍል» የሚባል አንድ ክፍል አለ። ንጉሥ ነጎድጓድ በድሮ ዘመን፣ ከስድስት መቶ ዓመት በፊት ነበረ ይባላል። ድምፁ ግንብ ያፈርስ ነበር ይባላል። ይባላል ብቻ። የክፍሉ ጠባቂም አስጎብኚም አንድ ሰው ነው፤ ሁሉን ስለሚያውቅ «ሊቁ» ይሉታል፤ ስሙን ያወጣው ራሱ ነው የሚሉም አሉ። ሌላው የእህቱ ባል ነው። ልብስ ሰፊ ነው፤ ቀጭንና ዝምተኛ ስለሆነ «መርፌ» ይሉታል። ዛሬ ከነስፌት መኪናው የመጣው፣ ጥግ ላይ ለቆመው የእንጨት ሰው የንጉሥ ካባ እንዲሰፋ ታዝዞ ነው።)

ሊቁ፦ የዋናውን ቢሮ ደብዳቤ ሰምተሃል አይደል? እስቲ ልድገምልህ፤ አንተ አንዴ ሲነገርህ አይገባህም። «ንጉሥ ነጎድጓድ በሕይወት የነበረ ለመሆኑ አንድ ማስረጃ እስከ ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ካልቀረበ፣ ክፍሉ ተዘግቶ የመጥረጊያና የባልዲ ማስቀመጫ ይሆናል።» አንዲት ተቆጣጣሪ ይልካሉ። መጥረጊያ! ባልዲ!

መርፌ፦ በሕይወት አለ እንዴ?

ሊቁ፦ ማን?

መርፌ፦ ንጉሡ። ሞቷል ብለውኝ ነበር እኮ። የሞተ መስሎኝ በጥቁር ክር ጀምሬዋለሁ።

ሊቁ፦ ሞቷል! ስድስት መቶ ዓመቱ ነው! የሚጠይቁን ከመሞቱ በፊት ኖሮ ነበር ወይ ነው!

መርፌ፦ ሳይኖር እንዴት ይሞታል?

ሊቁ፦ አየህ፣ ይቺን ብትጽፍላቸው «ማስረጃ አይደለም» ይሉሃል።

(መርፌ ለመጥረጊያውም ለባልዲውም ግድ የለውም። የእሱ ጭንቀት ሌላ ነው። ክፍሉ ከተዘጋ ሊቁ ቀኑን ሙሉ የሚውልበት የለውም፤ የሚውለው እህቱ ቤት ነው፣ ከስፌት መኪናው አጠገብ፣ እያወራ። አምና እግሩን አሞት አንድ ሳምንት እነሱ ዘንድ ከረመ። በዚያ ሳምንት መርፌ ወሬውን እየሰማ ሱሪ ላይ እጅጌ ሰፍቷል። ደንበኛው እስካሁን አኩርፏል። ዛሬ ጠዋት ሚስቱ በር ድረስ ሸኝታው «ወንድሜ ያ ክፍል እንዲተርፍለት አድርግ፤ ካልሆነ ምን እንደሚመጣብን አንተም ታውቃለህ» ብላዋለች። ያውቃል።)

መርፌ፦ ጋሼ፣ ታዲያ ማስረጃ የሚባለው የቱ ነው? እኔም ልፈልግ።

ሊቁ፦ አንተማ ክር ፈልግ። ማስረጃውማ ሞልቶ! ይኸው ድንጋዩ። ንጉሡ በንዴት ሲረግጠው የሰመጠ የእግሩ ዱካ ነው። ሁለቱም እግሮቹ አሉ!

መርፌ፦ (ተንበርክኮ በሜትሩ ለካ፤ ሌላውንም ለካ፤ ከዚያ ራሱን አከከ) ጋሼ።

ሊቁ፦ ምነው? ትልቅነቱ አስደነገጠህ?

መርፌ፦ ሁለቱም ግራ ናቸው።

ሊቁ፦ ምን?

መርፌ፦ አውራ ጣቱን ይዩት። ይኼም ግራ፣ ይኼም ግራ። ጫማ ሰፊው ወዳጄ ቢያየው ይስቃል።

ሊቁ፦ (ጎንበስ ብሎ አየ፤ ቶሎ ቀና አለ) ቀኙን ሌላ አገር ላይ ነው የረገጠው!

መርፌ፦ እንዴት ያለ እርምጃ ነው!

ሊቁ፦ ንጉሥ ነዋ! ሰይፉንስ አላየኸውም? ለአራት ነው ግድግዳው ላይ የሰቀልነው።

መርፌ፦ ጦር ሜዳም አራታችሁ አብራችሁት ትሄዱ ነበር?

ሊቁ፦ እኔ አልነበርኩም! ስድስት መቶ ዓመቱ ነው እያልኩህ!

መርፌ፦ እኮ ያኔ ማን ያነሣለት ነበር?

ሊቁ፦ ብቻውን! ባንድ እጁ! አንተ ሰው፣ ንጉሥ ማለት እንዳንተ ክር ሲያነሣ ወገቤን የሚል ይመስልሃል? ና፣ ሣጥኑን ክፈትልኝ። ወረቀት ነው የሚፈልጉት፣ ወረቀት እንሰጣቸዋለን።

(ሣጥኑ የብራና ሣጥን ነው። ሲከፈት የሃያ ዓመት አቧራ ወጣ። መርፌ አንድ በአንድ እያወጣ ያቀብላል፤ የድሮውን ጽሕፈት ማንበብ የሚችለው ሊቁ ብቻ ነው። መርፌ የዛሬውንም ቢሆን እየፈራ ነው የሚያነበው፤ ደንበኞቹ ስማቸውን ሲያስጽፉት «ፊደሉን ራስዎ ይጻፉት፣ እጄ ጠመኔ ነክቷል» ይላቸዋል።)

ሊቁ፦ ይኸው! ውዳሴ! «ነጎድጓድ ሆይ፣ ባንዲት ቀስት ሰባት መቶ ጠላት የጣልህ!» ከዚህ የበለጠ ምን ማስረጃ አለ?

መርፌ፦ ተሰልፈው ነበር?

ሊቁ፦ እነማን?

መርፌ፦ ሰባት መቶዎቹ።

ሊቁ፦ ለምን ብለው ይሰለፋሉ?

መርፌ፦ አንዷ ቀስት እንድትደርሳቸው።

ሊቁ፦ ቀስቷ ዞራ ዞራ ነው!

መርፌ፦ እኔ መርፌ እንኳ ሃያ ጨርቅ ስደራርብባት ትሰበርብኛለች።

ሊቁ፦ አንተን ይዤ ማስረጃ መፈለግ፣ ዓይነ ስውር ይዞ ጨረቃ ማየት ነው። አቀብል! አቀብል ዝም ብለህ።

(መርፌ አቀበለ። ሊቁ እያነበበ የወደደውን በቀኝ፣ ያልወደደውን በግራ ይከምራል። በቀኝ ያለው ሁሉ ሰይፍ፣ ፈረስ፣ ነጎድጓድ ነው። ከሣጥኑ ወለል ላይ አንዲት ትንሽ፣ ቅባት የነካት ብራና ተጣብቃ ነበር። መርፌ በጥፍሩ ቀስ ብሎ አላቀቃት።)

ሊቁ፦ እስቲ ይቺ... «እኔ የንጉሡ ልብስ ሰፊ፣ ለቤቱ አዛዥ የማመለክተው።»

መርፌ፦ ልብስ ሰፊ?

ሊቁ፦ አትደሰት፣ ዘመድህ አይደለም። «ጌታዬ ንጉሥ ነጎድጓድ ካባው ጠበበኝ ብሎ ተቆጥቶኛል። ጨርቁን ሰርቀህብኝ ነው ብሎኛል። እኔ ግን አልሰረቅሁም። የለካሁት ክረምቱ ሲገባ ነው፤ የለበሰው ክረምቱ ሲወጣ ነው፤ በመካከሉ የበላው እሱ ነው።»

መርፌ፦ እውነቱን ነው!

ሊቁ፦ ምኑ ነው እውነት?

መርፌ፦ ሁልጊዜ እንዲሁ ናቸው። ልብሱ ጠበበ እንጂ እኔ ወፈርኩ የሚል ደንበኛ እስካሁን አልገጠመኝም። ይቀጥሉ ጋሼ፣ እባክዎ!

ሊቁ፦ «ልኩም ይኸው ነው። ከአንገት እስከ እግር ሦስት ክንድ። ወገቡ ዙሪያውን...» (ቆመ፣ ዓይኑን አሸት አሸት አደረገ) «...ሦስት ክንድ።»

መርፌ፦ ቁመቱም ሦስት፣ ወገቡም ሦስት?

ሊቁ፦ በርሜል ነው እንዴ! «ሁለት ጊዜ አስፍቼለታለሁ። ሦስተኛ እንዳላሰፋ ገበሩ አልቋል። ሲያስነጥስማ ቤቱ ይናጋል፣ ክሩ ይበጠሳል፤ ነጎድጓድ የሚሉትም ስለዚሁ ነው። ይህን እያወቅህ ፍረድልኝ።» ምን ዓይነት ባለጌ ነው! ድምፁ ግንብ የሚያፈርሰውን ጀግና፣ ጉንፋን አደረገው!

መርፌ፦ ጋሼ፣ ይኼማ... ይኼማ ሰው ነው።

ሊቁ፦ የጠላት ሥራ ነው! አጭርና ቦርጫም ንጉሥ የት ታውቃለህ? ይኼን ለተቆጣጣሪዋ ባሳይ ክፍሉን ብቻ አይደለም እኔንም ነው የሚዘጉኝ። እንካ፤ ይኼ ጠረጴዛ አንድ እግሩ ያጥራል፣ ከሥሩ አድርግበት።

(መርፌ ተቀበለና ጎንበስ አለ። ግን እጁ እምቢ አለው። በሥራው ላይ የደንበኛን ልክ የጻፈበትን ወረቀት ጥሎ አያውቅም፤ ደንበኛው ይመለሳል ተብሎ ይቀመጣል፣ ዓመትም ይሁን ሁለት ዓመት። ስድስት መቶ ዓመት ትንሽ ቢበዛም ያው ልክ ነው። ብራናዋን በደረት ኪሱ ከተተና ከጠረጴዛው ሥር የራሱን የጠመኔ ካርቶን አጥፎ አስገባ።)

ሊቁ፦ አሁን ወደ ካባው። ትከሻው ሁለት ክንድ ይሁን። ወገቡ ቀጭን፣ እንደ ንብ።

መርፌ፦ ስንት ነው እንደ ንብ?

ሊቁ፦ በቃ እንደ ንብ!

መርፌ፦ በሜትር ጋሼ።

ሊቁ፦ ንብ በሜትር ይለካል? ሰፍተህ ጨርስ ብቻ። እኔ ንግግሬን ላጥና።

(ሊቁ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ንግግሩን ማነብነብ ጀመረ። መርፌ ጨርቁን ዘረጋና አሰበ። ትከሻው ሁለት ክንድ፣ ወገቡ እንደ ንብ። እንዲህ ያለ ሰው በሃያ ሁለት ዓመት አንድም ጊዜ በሩን አንኳኩቶ አያውቅም። ያኛው ግን፣ ሦስት በሦስቱ፣ በየሳምንቱ ይመጣል። እጁ ሳያስፈቅደው ጠመኔውን አነሣና ሦስት ክንድ ለካ። መኪናዋ ተንጫጫች። ንግግሩ እስኪያልቅ ካባው አለቀ፤ እንዲያውም ካባው ቀደመ። ከኋላ አሥራ ስምንት ቁልፍ አለው። መርፌ የእንጨቱን ሰው አለበሰው።)

ሊቁ፦ (ዞሮ አየ) ይኼ ምንድን ነው?

መርፌ፦ ካባው ነው።

ሊቁ፦ ከላይ አጭር! ከመሐል ሰፊ! የእንጨቱ ሰው እኮ መጋረጃ ውስጥ የተደበቀ ሌባ መሰለ! በየትኛው ልክ ነው የሰፋኸው?

መርፌ፦ በ... በሰውየው ልክ።

ሊቁ፦ በዚያ በባለጌው ብራና? አንተ ሰው ጤነኛ ነህ? ስማኝ፤ አሁን አስረዳሃለሁ። በዓለም ላይ እንዲህ ያለ ተክለ ሰውነት የለም። ቁመቱና ወገቡ እኩል የሆነ ሰው አልተፈጠረም። አንድ ሰው አምጣልኝ፣ አንድ ብቻ! ይኼ ካባ ልክክ የሚልለት አንድ ሰው ካመጣህ እኔ ሊቅ አይደለሁም!

መርፌ፦ (ሊቁን ከአንገቱ እስከ እግሩ አየ፤ ከዚያ ዙሪያውን አየ) ጋሼ... እጅዎን እስቲ ዘርጋ ያድርጉ።

ሊቁ፦ ለምን?

መርፌ፦ እጅጌው እኩል መሆኑን ልይ። ለአንድ አፍታ ነው።

(ሊቁ እያጉረመረመ ዘረጋ። መርፌ ካባውን ከእንጨቱ ሰው ላይ አውልቆ አለበሰው። ከኋላው ዞሮ ቆለፈ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ እስከ አሥራ ስምንት። ካባው ልክክ አለ። አንድ ጣት አይተርፍም፣ አንድ ጣት አይጎድልም። መርፌ እንዲህ የተስማማ ልብስ በዕድሜው ሰፍቶ አያውቅም። ሊቁ በመስተዋት መስኮቱ ላይ ራሱን አየ። ብዙ ቆየ።)

ሊቁ፦ ጨርቁ... ይሳባል።

መርፌ፦ አይሳብም ጋሼ። ወፍራም ነው።

ሊቁ፦ እኔ?

መርፌ፦ ጨርቁ።

(በዚያ ሰዓት ከኮሪደሩ የሴት ጫማ ድምፅ ተሰማ። ቀ፣ ቀ፣ ቀ። ገና ስምንት ሰዓት ተኩል ነው።)

ሊቁ፦ መጣች! ፍታኝ! ፍታኝ!

መርፌ፦ አሥራ ስምንት ቁልፍ ነው ጋሼ፣ አዲስ ቀዳዳ ደግሞ ይጠብቃል...

ሊቁ፦ ሃያ ዓመት የሠራሁበት ክፍል ውስጥ የንጉሥ ልብስ ለብሼ ታግኘኝ? እብድ ነው ብላ ታስወጣኛለች! የእንጨቱን ሰው ከመጋረጃው ኋላ ደብቀው! እኔ እዚህ ላይ እቆማለሁ። ሐውልት ነኝ!

መርፌ፦ እኔስ?

ሊቁ፦ አንተ እኔ ነህ!

መርፌ፦ እርስዎስ ማን ነዎት?

ሊቁ፦ ንጉሡ!

መርፌ፦ ሁለታችን አንድ ነን ማለት ነው ወይስ...

ሊቁ፦ ዝም! ውዳሴውን አንብብላት!

መርፌ፦ ማንበብ እኮ...

(መርፌ የእንጨቱን ሰው ከመጋረጃው ኋላ እንደ ከተተ በሩ ተከፈተ። ሊቁ የእንጨቱ ሰው ቆሞበት በነበረው ሳንቃ ላይ ወጥቶ ድርቅ አለ። የገባችው ተቆጣጣሪዋ ናት፤ መነጽር አድርጋለች፣ ደብተር ይዛለች፣ ፊቷ ላይ ሳቅ የለም። መርፌ ሜትሩን ከአንገቱ ለማውረድ ሲል የበለጠ ጠመጠመው።)

ተቆጣጣሪዋ፦ እንደምን ዋሉ። የክፍሉ ኃላፊ እርስዎ ነዎት?

መርፌ፦ (ሐውልቱን አየ) ነኝ... መሰለኝ።

ተቆጣጣሪዋ፦ መሰለኝ?

መርፌ፦ ከአሁን ጀምሮ ነኝ፣ እትዬ።

ተቆጣጣሪዋ፦ (ወደ ሐውልቱ ቀረበች) ይኼ ነው ንጉሡ? ከሰም የተሠራ ነው?

መርፌ፦ እ... አዎ።

ተቆጣጣሪዋ፦ ያልበዋል።

መርፌ፦ ሰም ነዋ። ሲሞቀው ይቀልጣል።

ተቆጣጣሪዋ፦ ፊቱ ምነው እንዲህ ተቆጣ? ሌላ ቦታ ያየኋቸው ነገሥታት ሁሉ ኩሩዎች ናቸው። ይኼ ግን ልክ ወንበሩን እንደ ወሰዱበት ሰው ነው።

መርፌ፦ ካባው ጠብቦት ይሆናል።

(ሐውልቱ በአፍንጫው ነፋ።)

ተቆጣጣሪዋ፦ ምንድን ነው?

መርፌ፦ ቧንቧ ነው እትዬ። ግድግዳው ውስጥ ያልፋል። ሁልጊዜ ይናገራል፣ ዝም የሚል ቧንቧ አይደለም።

ተቆጣጣሪዋ፦ እሺ። ጊዜ የለኝም፣ ማስረጃው የታለ?

መርፌ፦ አለ። እግሩ አለ። ድንጋዩ ላይ... (ጎንበስ አለ፣ ቀና አለ) ግራ እግሩ።

ተቆጣጣሪዋ፦ ቀኙስ?

መርፌ፦ እሱም ግራ ነው።

ተቆጣጣሪዋ፦ (ጻፈች) ሌላ?

መርፌ፦ ውዳሴ አለ። ሰባት መቶ... ሰባት መቶ ሰዎች ተሰልፈው አንዲት ቀስት... ይዘው... (ሐውልቱን በዓይኑ ለመነ። ሐውልቱ በከንፈሩ ብቻ «ጣለ! ጣለ!» አለው) ጣሏት።

ተቆጣጣሪዋ፦ ሰባት መቶ ሰው አንድ ቀስት ጣለ?

መርፌ፦ ከባድ ሳትሆን አትቀርም። ሰይፉንም ለአራት ነው የሰቀሉት።

(ተቆጣጣሪዋ ደብተሯን አዲስ ገጽ ላይ ገለጠችና በትልቁ መጻፍ ጀመረች። መርፌ ከወዲያ በኩል ገልብጦ አየው፤ ፊደል ቆጥሮ ቆጥሮ ደረሰበት። «መጥ» ይላል። «መጥረ» ሆነ። መጥረጊያ ሊሆን ነው። ወዲያው ቤቱ ታየው። ከመኪናው አጠገብ ያለችው ወንበር ታየችው። ወንበሯ ላይ የተቀመጠው ታየው፤ ነገም፣ ከነገ ወዲያም። እሱ ሰው ፊት ከሦስት ቃል በላይ ሲናገር ጆሮው ይቀላል፤ አሁንም ቀላ፤ ግን ተናገረ።)

መርፌ፦ እትዬ! አይጻፉ። አንድ ሌላ ወረቀት አለች። ቆንጆ አይደለችም። ቅባት ነክቷታል።

ተቆጣጣሪዋ፦ የታለች?

መርፌ፦ (ከደረት ኪሱ አወጣ) ከጠረጴዛው ሥር ልትገባ ነበር። ልክ ስላለባት አልጣልኳትም። የንጉሡ ልብስ ሰፊ ነው የጻፋት። ተከራክሮ ነው ምስኪን። ጨርቅ ሰረቅህ ብሎት።

(ሐውልቱ ራሱን በትንሹ፣ በጣም በትንሹ፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ነቀነቀ። ያየው የለም። ተቆጣጣሪዋ ብራናዋን ወደ መስኮቱ ወስዳ ቆማ አነበበች። የድሮውን ጽሕፈት ታውቃለች። መጀመሪያ ግንባሯ ተቋጠረ። ከዚያ ሣጥኑ ላይ ተቀመጠች። ከዚያ መነጽሯን አወለቀች። ከዚያ ሳቀች፤ ሳቋ ክፍሉን ሞላው።)

ተቆጣጣሪዋ፦ «በመካከሉ የበላው እሱ ነው!» የት አገኛችኋት?

መርፌ፦ ሣጥኑ ወለል ላይ ተጣብቃ። አጥፍቻለሁ?

ተቆጣጣሪዋ፦ ምን አጠፉ! ይኸው ስሙ፣ ይኸው አዛዡ፣ ይኸው ነጎድጓድ የተባለበት ምክንያት። ሰውየው ጉንፋናም ነበር! እኛ ዋናው ቢሮ በየሦስት ወሩ ከዚህ ክፍል አርባ ገጽ ሪፖርት ይመጣልናል። አርባ ገጽ ሰይፍ! አርባ ገጽ ፈረስ! ማን ጻፈው?

መርፌ፦ (ሐውልቱን ላለማየት ጣሪያውን አየ) የድሮው ኃላፊ ይሆናል።

ተቆጣጣሪዋ፦ አሁን የት ነው?

መርፌ፦ ቅርብ ነው። ግን... አይመቸውም።

ተቆጣጣሪዋ፦ ይቺን ማን አነበበልዎ? ይኼን ጽሕፈት የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው።

መርፌ፦ እሱ። (በጣቱ ወደ ሐውልቱ አሳየ፤ ውሸት መናገር አይሆንለትም)

ተቆጣጣሪዋ፦ (ሳቀች) ቀልደኛ ነዎት! ንጉሡ ራሱ አነበበልኝ ይበሉኛ! ይኼን ቢያነብማ ንጉሡ ጠረጴዛ ሥር አድርጉት ይል ነበር።

መርፌ፦ ብሏል እኮ እትዬ።

(ተቆጣጣሪዋ የበለጠ ሳቀች። ሐውልቱ አልሳቀም። አሁን እንኳ ወርዶ «ያነበብኩት እኔ ነኝ!» ማለት ይችላል። ግን «ጠረጴዛ ሥር አድርገው ያለው ማን ነው?» ትለዋለች። ይኼን ሲያስበው ጎንበስ ሊል አለና ካባው መልሶ አቆመው።)

ተቆጣጣሪዋ፦ ለሪፖርቴ አንድ ጥያቄ ብቻ ይቀረኛል። አለቆቼ «ልብስ ሰፊውም ውሸቱን ቢሆንስ?» ይሉኛል። እርስዎ እንደ ሙያዎ ይንገሩኝ። ይኼ ንጉሥ እውነት ነበረ?

መርፌ፦ (ሜትሩን በጣቱ ጠቀለለ፣ ፈታ፣ ጠቀለለ) እኔ የታሪክ ነገር አላውቅም እትዬ። ሰባት መቶ ሰው የገደለው ይኑር አይኑር እኔ ምን አውቄ። ግን ይኼኛው ሰውዬ ወገቡ ሁለት ጊዜ ሰፍቷል። ገበር እስኪያልቅ ድረስ።

ተቆጣጣሪዋ፦ እና?

መርፌ፦ የሌለ ሰው አይወፍርማ።

(ተቆጣጣሪዋ ብዕሯን አቆመች። አየችው። ከዚያ «መጥረ» ያለበትን ገጽ ቀደደችና በአዲሱ ላይ፣ መርፌ እንዳለው፣ አንዲት ፊደል ሳትጨምር ጻፈችው። መርፌ ትከሻው ወረደለት። ቤቱ ያለችው ወንበር ባዶዋን ታየችው፤ ጨርቅ ይከምርባታል።)

ተቆጣጣሪዋ፦ ክፍሉ አይዘጋም። እንዲያውም ጎብኚ ይጎርፋል። ሪፖርቱን እዚሁ ቁጭ ብዬ ልጨርሰው፤ ሁለት ሰዓት ቢፈጅብኝ ነው። አንድ ነገር ብቻ አደራ።

መርፌ፦ ምን እትዬ?

ተቆጣጣሪዋ፦ ይኼን ሐውልት ማንም እንዳይነካው፣ ከቦታውም እንዳያነቃንቀው። እውነቱን ልንገርዎ? ከገባሁ ጀምሮ ልቤን የወሰደው እሱ ነው። ቁመቱን ይዩት፣ ሆዱን ይዩት፤ ብራናዋ ስትነበብ ልክ እሱን ነው ያየሁት። እዚህ ክፍል ውስጥ ካለው ሁሉ እሱ ነው ያሳመነኝ። አንዲት ቃል እንኳ ሳይናገር!

(ሊቁ ሃያ ዓመት ሲናገር ሲናገር አንድ ሰው አሳምኖ አያውቅም ነበር። ምስጋናው መጣ፣ ጆሮው ውስጥ ገባ፣ እስከ ጉሮሮው ወረደ። «አመሰግናለሁ» ለማለት ግን አፍ መክፈት ያስፈልጋል። መርፌ ለተቆጣጣሪዋ ወንበር አቀረበላት፤ ከሐውልቱ ፊት ለፊት፣ ደህና አድርጎ እንዲታያት።)